ተገልጋዮቹ የመሩት ቤት፦ በበርክሌይ የተቋቋመው ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ታሪክ

የአካል ጉዳት የደረሰበት ጐልማሳ፥ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ዘመን ቢሆን፥ የዕለት እንጀራውንና ማደሪያውን ሲያገኝ የኖረው ከሦስት በሮች በአንዱ ነው፤ ወይ ከወላጆቹና ከዘመዶቹ ቤት፥ ወይ ከደጀ ሰላምና ከገዳም ምጽዋት፥ ወይም በኋለኛው ዘመን መንግሥትና በጎ አድራጊዎች ካቆሙት መጠለያ። እነዚህ ሦስት በሮች ስንቱን ነፍስ ከረኀብና ከብርድ እንዳወጡ እግዚአብሔር ያውቀዋልና ማንም ደፍሮ ሊያቃልላቸው አይገባም። ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ነገር ይተባበራሉ፤ ተረጂው መቼ እንደሚነሣና መቼ እንደሚተኛ፥ ከማን ጋር እንደሚኖር፥ ተምሮ ሥራ ይያዝ ወይስ በአልጋው ላይ ይቅር ብሎ የሚፈርደው ሌላ ሰው ነው፤ ለባለጉዳዩ የሚተርፈው ማዕርግ የአመስጋኝነት ብቻ ነው። ይህን ሥርዐት ገልብጦ፥ የሚረዳው ሰው የሚረዳበትን ቤት ራሱ ይምራ፥ ሠራተኛውን ራሱ ይቅጠር፥ ገንዘቡም በምን ላይ እንደሚውል ራሱ ይቁረጥ የሚል ተቋም እ.ኤ.አ. በ1972 በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር በበርክሌይ ከተማ ቆመ። (ከዚህ በታችም የኢትዮጵያን ነገር ካላነሣሁ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሃያኛው መቶ ዘመን በበጎ አድራጎት ሥራ ውስጥ ከታየው ሁሉ ይህን የሚያህል የአመራር ለውጥ አላውቅም፤ ስለዚህም ታሪኩን ከሥሩ መተረክ ያስፈልጋል።

ሥሩ የሚጀምረው ከአንድ ልጅ ሕመም ነው። ኤድ ሮበርትስ በ1939 ተወልዶ፥ በ14 ዓመቱ፥ በ1953፥ በልጅነት ልምሻ ተያዘ፤ በሽታውን የሚከላከለው ክትባት ሊታወጅ የቀረው ሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ከአንገቱ በታች ከአንድ እጁ ሁለት ጣቶችና ከእግሩ ጣቶች በቀር የሚንቀሳቀስ አካል አልቀረለትም፤ ሌሊቱን የሚተነፍሰው አንገቱን ብቻ ወደ ውጭ በሚያስቀረው፥ አየርን እየሳበና እየገፋ ደረትን በሚያነሣና በሚጥል፥ የብረት ሳንባ በተባለ በርሜል መሰል መሣሪያ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ቀን ቀን ከመሣሪያው ሲወጣ አየሩን በአፉና በጉሮሮው እየጐረሰ ወደ ሳንባው መግፋትን ተማረ። በነዚያ ወራት ሕይወቱን ጠልቶ ምግብ እንቢ በማለት ራሱን ሊያጠፋ እንደ ተነሣ፥ ሰውነቱም በአጥንቱ እስኪቀር እንደ መነመነ፥ እያባበለች የምታጐርሰው የግል አስታማሚው የሄደች ዕለት ግን፥ ሞቱም ሕይወቱም በራሱ ፈቃድ እንደ ሆነ ተረድቶ ለመብላት እንደ ወሰነ በኋላ ዘመን ደጋግሞ ተናግሯል። ይህን ነገር የማነሣው ለኀዘኔታ አይደለም፤ ሰውየው ኋላ የመሠረተው ቤት ሥርዐት በሙሉ በዚያች ዕለት ውሳኔ ላይ የቆመ ስለ ሆነ ነው።

እናቱ ወይዘሮ ዞና ሮበርትስ የሠራተኞች ማኅበራትን የትግል ስልት የምታውቅ ሴት ነበረች። ልጇ ትምህርቱን በቤቱ ሆኖ በስልክ መሥመር ሲከታተል ቆይቶ ሊመረቅ ሲል፥ ትምህርት ቤቱ የሰውነት ማጠንከሪያና የመኪና መንዳት ትምህርት አልወሰደም ብሎ ምስክር ወረቀቱን ከለከለው፤ ጣቱን ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ልጅ ይህ ምክንያት ሆኖ ሲቀርብ ዝም ብላ አልተቀመጠችም፤ የአስተዳደሩን በር አንድ በአንድ አንኳኩታ አስፈቀደች። ከዚያም ሮበርትስ በሳን ማቴዎ ኮሌጅ ሁለት ዓመት ያህል ተምሮ ወደ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት አመለከተ። የካሊፎርኒያ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት፥ ማለት ጉዳተኞችን አስተምሮ ለሥራ የሚያበቃው የመንግሥት ክፍል፥ ይህ ሰው ሥራ ሊሠራ የሚችል አይደለምና ገንዘብ አይወጣበትም ብሎ ፈረደ፤ ፍርዱ የተሻረው ጉዳዩ በጋዜጣ ከወጣ በኋላ ነው። ይህን መሥሪያ ቤት አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ እንመለስበታለን።

በ1962 ዩኒቨርሲቲው ሲቀበለው ሌላ ችግር ተነሣ። የብረት ሳንባው ክብደት 360 ኪሎ ግራም ገደማ ስለ ሆነ የተማሪዎች ማደሪያ ወለል አይችለውም፤ በሩም አያስገባውም። የተማሪዎች ጤና ጥበቃ ኃላፊ የነበሩት ሐኪም ሄንሪ ብሩይን፥ በግቢው ውስጥ ከነበረው ከካዎል ሆስፒታል ሦስተኛ ፎቅ አንድ ክፍል ፈቀዱለት፤ ሆስፒታሉም እንደ ሕሙም ሳይሆን እንደ ተማሪ አስተናገደው። በማግስቱ ዓመት ዋና ሲዋኝ አከርካሪው የተሰበረው ጆን ሄስለር መጣ፤ ወሬውም ተሰምቶ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዐሥራ ሁለት ያህል ጐልማሶች በዚያው ፎቅ ተከማቹ። የታሪኩ ፍሬ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም እያንዳንዳቸው ለብቻቸው በየወላጆቻቸው ቤት ሳሉ የግል ዕድላቸው፥ የግል መስቀላቸው መስሎ ይታያቸው የነበረው ነገር፥ አንድ ላይ ሲቀመጡ የሁሉም መሆኑ ተገለጠላቸው። ያ ዘመን በርክሌይ በተማሪዎች የመብት ትግል የምትናወጥበት ዘመን ስለ ነበረ፥ እነሱም «ሮሊንግ ኳድስ» ብለው ራሳቸውን ሰይመው መምከርና መሰለፍ ያዙ። በ1969 የመንግሥቱ የተሐድሶ መሥሪያ ቤት አማካሪ ከተማሪዎቹ ሁለቱን ከፎቁ ሊያስወጣ ሲነሣ፥ በአንድነት ተነሥተው ስለ ተቃወሙ የተዛወረው አማካሪው ሆነ፤ ተማሪዎቹ ግን በቦታቸው ቀሩ።

ይህ ድል ወደ ተቋም የተለወጠው በ1970 ነው። ከፌዴራሉ መንግሥት በተገኘ ገንዘብ፥ በሄስለር መሪነት፥ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች አገልግሎት ተከፈተ። ሥራው በጣም የሚጨበጥ ነበር፤ ረዳት ለሚሻ ሰው የረዳቶችን ስም ዝርዝር መያዝ፥ ደረጃ የሌለበት የኪራይ ቤት ማፈላለግ፥ ከሁሉም በላይ የተበላሸ ዊልቸር መጠገን። በሞተር የሚሄድ ዊልቸር የሰው እግሩ ነው፤ በዚያን ዘመን ግን ሲበላሽ ወደ አምራቹ ወኪል ተልኮ ሳምንታት ይቆይ ስለ ነበር፥ ባለቤቱ እነዚያን ሳምንታት ከአልጋው ሳይነሣ፥ ትምህርቱንም ሆነ ሥራውን እያጣ ይከርም ነበር። ተማሪዎቹ የራሳቸውን የጥገና ክፍል ከፈቱ፤ መካኒኩ ባትሪውንና ሞተሩን እንደ ብስክሌት ፈታትቶ በዚያው ቀን የሚመልስበት፥ አንዳንዱንም ክፍል ከፋብሪካው አስበልጦ የሚያጠነክርበት ክፍል ነበር። ዊልቸር ላይ ያልተቀመጠ የቢሮ አስተዳዳሪ፥ ምንም ደግ ቢሆን፥ ጥገናን የአገልግሎቱ ልብ አድርጎ ለማሰብ ይዘገያል፤ በላዩ ላይ የሚውል ሰው ግን ከዚያ ሌላ አይጀምርም።

ወሬው ከግቢው ውጭ ወጣና ተማሪ ያልሆኑ የከተማው ጉዳተኞች በሩን ያንኳኩ ጀመር። የዩኒቨርሲቲ ክፍል ሊያገለግላቸው ስለማይፈቀድለት፥ በ1972 ራስን ችሎ የመኖር ማዕከል ራሱን የቻለ ማኅበር ሆኖ ተመዘገበ፤ የመጀመሪያ ቢሮውም ሁለት መኝታ ክፍል ያለው አፓርታማ ነበር። ማዕከሉ ኋላ ወደ ተሌግራፍ ጐዳና ተዛወረ፤ ይህን ጐዳና ዛሬ ወደ ኦክላንድ ሲዘልቅ ባሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ብዙ የአገራችን ሰዎች ያውቁታል። ከመሥራቾቹ መካከል ሔይል ዙካስ የተባለውን ሰው ሳላነሣ ብሄድ በደል ይሆንብኛል። ዙካስ ሴሬብራል ፓልሲ፥ ማለት ከአንጐል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር፥ ያለበት፥ ንግግሩ ለብዙ ሰው የማይሰማ፥ እጁም የማይታዘዝለት ሰው ነበር፤ በግንባሩ ላይ በታሰረ ዘንግ፥ ከፊቱ በተቀመጠ የፊደል ገበታ ላይ አንድ በአንድ እየጠቆመ ቃል ይሠራል፤ ሰሚው ደግሞ ፊደሉን እየተከታተለ ያነባል። ይኸው ሰው በበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ ትምህርት የተመረቀ ነበርና፥ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ በስንት ሴንቲ ሜትር ተዳፋት እንደሚቆረጥ፥ የባቡር ጣቢያ ሊፍት ቁልፉ በምን ያህል ከፍታ እንደሚቀመጥ እያሰላ ከከተማው መሐንዲሶችና ከባቡሩ ድርጅት ሹማምንት ጋር በጉባኤ ተቀምጦ ይከራከር ነበር። ስብሰባው በሱ ፍጥነት መሄድ ነበረበት፤ ሄደም። ዛሬ የልጅ ጋሪ የምትገፋ እናትና ሻንጣ የሚጐትት መንገደኛ በየመስቀለኛ መንገዱ የሚጠቀሙበት ያ ዝቅ ያለ ጠርዝ፥ እንደ ዙካስ ካሉት ሰዎች ክርክር የተገኘ ነው።

የማዕከሉ ትምህርት በአጭሩ ይህ ነበር፤ ሰው ራሱን ቻለ የሚባለው ልብሱን ያለ ረዳት ስለ ለበሰ አይደለም፤ ምን ልልበስ፥ መቼ ልውጣ፥ ወዴት ልሂድ የሚለውን ስለ ወሰነ ነው። በሌላ ሰው እጅ በዐሥራ አምስት ደቂቃ ለብሶ ወደ ሥራው የሚሄድ፥ ብቻውን ሁለት ሰዓት ታግሎ ለብሶ በድካም ቤቱ ከሚቀር ይልቅ ነፃ ነው። ስለዚህም የሥርዐቱ ምሰሶ ረዳቱ ሆነ፤ ረዳቱን የሚመርጠው፥ የሚያሠለጥነው፥ ካልተስማማውም የሚያሰናብተው ሆስፒታሉ ወይም ድርጅቱ ሳይሆን ተገልጋዩ ነው፤ ካሊፎርኒያም ደመወዙን ከመንግሥት ካዝና መክፈሏን እስከ ዛሬ ቀጥላለች። በዓቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት፥ በመጻጉዕ፥ በቤተ ክርስቲያናችን የሚነበበውን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ያስታውሳል፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት በአልጋው የኖረው ሰው እሮሮው ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ማጣቱ ነበር፤ ጌታም ከመፈወሱ አስቀድሞ ፈቃዱን ጠየቀው። የረዳት ማጣትና የፈቃድ መጠየቅ፥ እነዚህ ሁለቱ፥ በበርክሌይ የተነሡት ጥያቄዎች ናቸው፤ እኔም ይህን ወንጌል ስሰማ የማዕከሉ ነገር ትዝ ይለኛል። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ወገኖቻችን በቤት ለቤት ረዳትነት እንደሚተዳደሩ የታወቀ ነውና፥ በየማለዳው የሚያነሡትና የሚያለብሱት ሰው አሠሪያቸው ሆኖ ሲያገኙት የዚህን ሥርዐት ምንጭ ማወቃቸው ይጠቅማል።

ሁለተኛው ምሰሶ ከመሰል ሰው ጋር የመመካከር አገልግሎት ነው። አከርካሪው ትናንት የተሰበረ ወጣት የሚሰማው ከነርሷ ይልቅ፥ ከዐሥር ዓመት በፊት የተሰበረውንና ዛሬ ትዳርና ሥራ ያለውን ሰው ነው። ማዕከሉ ይህን ምክር ሙያ አድርጎ ደመወዝ ከፈለበት፤ እንዲህም በማድረጉ ጉዳቱን ራሱን እንደ ዕውቀት ቈጠረው። ዓይነ ስውራንንም የሚያገለግል ክፍል ከመጀመሪያው ነበረው፤ ልዩ ልዩ ጉዳት ያላቸው ሰዎች ለየብቻ በየመጠለያው ተለያይተው ይኖሩ በነበረበት ዘመን ይህ ትልቅ እመርታ ነው።

አሁን ወደዚያ መሥሪያ ቤት እንመለስ። በ1975 የካሊፎርኒያ አገረ ገዥ ጄሪ ብራውን፥ ማዕከሉን ይመራ የነበረውን ኤድ ሮበርትስን የተሐድሶ መሥሪያ ቤቱ ዋና ዲሬክተር አድርጎ ሾመው። ሥራ ሊሠራ አይችልም ብሎ የፈረደበትን ቤት በሙሉ፥ ሠራተኞቹንና በጀቱን፥ ከዊልቸሩ ላይ ሆኖ አስተዳደረ፤ በሹመቱም ዘመን የበርክሌዩን የመሰሉ ማዕከሎች በካሊፎርኒያ ልዩ ልዩ ከተሞች እንዲከፈቱ አደረገ። በበርክሌይ ደግሞ አመራሩን ፊል ድሬፐር ሲረከብ፥ ጁዲ ሂውማን በምክትልነት ቆመች። ሂውማን በልጅነት ልምሻ ምክንያት በዊልቸር የምትሄድ፥ በ1970 የኒው ዮርክ ከተማ የመምህርነት ፈቃድ ስለ ከለከላት በፍርድ ቤት ከስሳ ፈቃዱን ያገኘች ሴት ናት።

የእነዚህ ሰዎች አመራር የተፈተነው በ1977 ነው። በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ አንቀጽ 504፥ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ማናቸውም ተቋም ሰውን በአካል ጉዳቱ ምክንያት እንዳያገል ይደነግጋል፤ ነገር ግን ማስፈጸሚያ ደንቡ አራት ዓመት ያህል ሳይፈረም ቆየ። በአፕሪል 5 ቀን፥ ከመቶ የሚበልጡ ጉዳተኞች በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘውን የጤና፥ የትምህርትና የማኅበራዊ ኑሮ ሚኒስቴር ቅርንጫፍ ገብተው አንወጣም አሉ። ስልክ ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው ሰዎች በመስኮት ቆመው በምልክት ቋንቋ ከታች ለቆሙት መልእክት ያስተላልፉ ነበር። ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ፓርቲ የኦክላንድ አባላት ትኩስ ምግብ ያመጡላቸው ነበር፤ ከተቀማጮቹ አንዱ የፓርቲው አባል ብራድ ሎማክስ ነበርና። ከማደሪያ መሣሪያቸውና ከመድኃኒታቸው ተለይተው፥ ሌሊት ሊያገላብጣቸው የሚገባ ሰው ሲያጡ የሰውነት ቁስል እያሰጋቸው፥ በወለል ላይ ተኝተው ቆዩ። ከመካከላቸው የተመረጡት ወደ ዋሽንግተን ሄደው፥ ሊፍት ያለው አውቶቡስ ስላልተገኘ በጨለማ የጭነት መኪና ውስጥ ዊልቸራቸውን አሳስረው፥ እስከ ሚኒስትሩ እስከ ጆሴፍ ካሊፋኖ ደጅ ደረሱ። በአፕሪል 28 ቀን ደንቡ ተፈረመ። በአሜሪካ ታሪክ የመንግሥትን ሕንጻ ይህን ያህል ጊዜ በሰላም ይዞ የቆየ ተቃውሞ የለም ይባላል፤ ያዘጋጁትም ሰዎች አገሩ ደካሞች ብሎ የሚጠራቸው ነበሩ።

በ1978 ሕጉ ሲሻሻል ለእነዚህ ማዕከሎች የፌዴራል ገንዘብ ተመደበላቸው፤ ከዚያ በኋላ በየጊዜው በተደረገው ማሻሻያም ለተቋሙ ታሪክ ከሁሉ የሚበልጠው ድንጋጌ ተጻፈ፤ ገንዘቡን የሚቀበል ማዕከል ከአስተዳደር ቦርዱ አባላት አብላጫዎቹ ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ያላቸው ሰዎች እንዲሆኑ፥ ከሠራተኞቹና ውሳኔ ከሚሰጡት ኃላፊዎችም አብላጫዎቹ ጉዳተኞች እንዲሆኑ ግዴታ ነው። አስተዋይ አንባቢ የዚህን ኃይል ይመለከታል። አንድ ወይም ሁለት ጉዳተኞችን በቦርድ ማስቀመጥ ለፎቶግራፍ ይበቃል፤ አብላጫ ድምፅ ግን ሥራ አስኪያጁን ይሾማል፥ ይሽራል፥ በጀቱን ያጸድቃል። በጎ ፈቃድ መሪ በተለወጠ ቍጥር ይለወጣል፤ ሕግ ሲሆን ግን ይጸናል።

ሁሉ ነገር ግን ቀና አልነበረም። ማዕከሉ ከአፓርታማ ተነሥቶ ብዙ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሲሆን፥ የትግል መሪና የድርጅት አስተዳዳሪ አንድ ሰው ላይሆን እንደሚችል ታየ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመንግሥት ገንዘብ ሲቀንስም ቤቱ ተናወጠ። በእኔ አስተያየት ግን ከባዱ ጉድለት ሌላ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ መሪዎች አብዛኞቹ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያላቸው፥ አንደበታቸው የተፈታ ወይም እንደ ዙካስ አእምሯቸው ስለት የሆነ ሰዎች ነበሩና፥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ጐልማሳ በዚህ አመራር ውስጥ ስፍራው ጠባብ ነበር። ለዚያ መልስ የሰጡት የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በ1974 በኦሪገን ክፍለ ሀገር «ፒፕል ፈርስት» የተባለውን ማኅበር መሥርተው፥ ጉባኤውን ራሳቸው እየመሩ፥ የሚረዷቸው ሰዎች እንደ አማካሪ ብቻ ከኋላቸው እንዲቀመጡ አደረጉ። ለመምራት የሚያበቃው ፈጣን አንደበት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያጠና ይማራል።

ሥርዐቱ ባሕር ተሻግሯል። በሎስ አንጀለስ ተምሮ የነበረው አዶልፍ ራጽካ በ1984 በስቶክሆልም ጉዳተኞች ረዳቶቻቸውን በኅብረት ሥራ ማኅበር የሚቀጥሩበትን ድርጅት መሠረተ፤ በ1986 በጃፓን፥ በሃቺኦጂ ከተማ፥ ተመሳሳይ ማዕከል ተከፈተ። በአሜሪካ ብቻ ዛሬ 400 ያህል ማዕከሎች አሉ። ሮበርትስ በ1995፥ በ56 ዓመቱ፥ ዐረፈ፤ ሂውማን በ2023 ተከተለችው። በ2006 በተባበሩት መንግሥታት የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በአንቀጽ 19 በኅብረተሰቡ መካከል እንደ ፈቃድ የመኖርን መብት፥ በአንቀጽ 4 ደግሞ ስለ ጉዳተኞች የሚወጣ ሕግና መመሪያ ሁሉ ከራሳቸው ማኅበራት ጋር ተመክሮ እንዲወጣ ይደነግጋል።

በእኛ አገር የዚህ ነገር ዘር ከውጭ የመጣ አይደለም። የኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር በ1952 ዓ.ም. ሲቋቋም የበርክሌዩን ማዕከል በዐሥራ ሁለት ዓመት ይቀድም ነበር። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 በትእዛዝ ቁጥር 70 ጉዳተኞችን መልሶ የሚያቋቁም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቆም ግን፥ ትእዛዙ ጉዳተኛን የተረጐመው ኑሮውን ሊያሸንፍ የማይችል፥ የሚጦረውም የሌለው ሰው አድርጎ ነው፤ በዕድሜ የደከመውንም በዚያው ውስጥ ጨምሮታል። እንዲህ የተተረጐመ ሰው ይጦራል እንጂ አይሾምም። ከዚያ ወዲህ ሕጋችን ብዙ ሄዷል፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት ደንግጓል፤ በአዋጅ ቁጥር 676/2002ም ኢትዮጵያ ያን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተቀብላለች። በልጅነቷ ዓይነ ስውር የሆነችው የሕግ ባለሙያዋ የትነበርሽ ንጉሤም በዚህ ዘርፍ በሠራችው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን ተቀብላለች። ስለዚህ መሪ የለም የሚል ምክንያት ከእንግዲህ አይሰማም።

እንግዲህ በአዲስ አበባም ሆነ በዋሽንግተን፥ በኦክላንድም ሆነ በስቶክሆልም ተሰብስባችሁ ለጉዳተኛ ወገኖቻችሁ ማኅበር ልታቆሙ የምታስቡ ሁሉ፥ የመተዳደሪያ ደንባችሁን የመጀመሪያ አንቀጽ ከመጻፋችሁ በፊት እነሱን ጥሩ፤ ከቦርዱ ወንበር አብላጫውን ለእነሱ ስጡ፤ ሥራ አስኪያጁንም ከመካከላቸው ፈልጉ፤ የስብሰባ ቤታችሁንም ደረጃ በሌለበት ምድር ቤት ተከራዩ።